በሩን ቀስ

አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ ከደሴ ኮምቦልቻ፣
ስወጣ ስወርድ በጎማ ላይ ብቻ፣
መንገዱን በክንዴ አጠናሁት እንጂ፣ በዓይኔ መች አየሁት፤
ይቺን ኩርባ በሁለት፣ ያቺን በሦስት ማርሽ ነበር ያለፍኳት።
ሐረጎ ጉም ሲለብስ ጥሩምባ ነው መሪው፣
ሲዘንብ ደግሞ ፍሬን
ወረተኛ ወዳጅ ነው፣ ማንም የማያምነው።

ወንዙን ግን አላውቅም።
ቦርከና ለእኔ፣ ከተሳፋሪ ትከሻ ማዶ
አንዳንዴ ብልጭ የሚል ቆርቆሮ ነበረ፤
ሒሳብ ሲሰበሰብ፣ መልስ ሲቆጠር፣
ከኩርባው ጋር ዞሮ የተሰወረ።

ዘንድሮ ዓይኔ ሰንፎ መንጃ ፈቃዴን ስመልስ፣
የእህቴ ልጅ ረውዳ፣ ባዮሎጂ አስተማሪዋ፣
«አጎቴ፣ አንዴ እንኳ በእግርህ፣ ውሃው በሄደበት» አለችኝ።
«ውሃ ያለ ፍሬን ነው የሚወርደው» አልኳት።
ሳቀችብኝ። ወረድን።

መስከረም አጋማሽ። ገደሉ ግራና ቀኝ ቆሞ፣
መሐሉ ቀጭን መንገድ፣ ጭቃው ገና ያልጠና፣
የትናንት የፍየል ኮቴ እንደ ማኅተም የቀረበት።
ረውዳ በየእርምጃው ታጎነብሳለች፦
ይኼ ጦስኝ ነው፣ እሸተው፤
ያ ነጩ አዞ ሐረግ፤ ያ ኮሸሽላ፣ አትንካው ይዋጋል፤
ይኼ ማገጥ፣ ንብ የምትሰክርበት።
ቀጠጢናውን ግን እኔ ነኝ ያወቅሁት፤
ብቻውን ተገትሮ፣ ቢጫ ለብሶ፣
ቁርጥ የሐረጎ ትራፊክ ፖሊስ።

ስም የሌላትም አለች። ትንሽ፣ ሐምራዊ፣ ከድንጋይ ስንጥቅ የወጣች።
መጽሐፏን አገላበጠች፤ አጣቻት።
«ተሳፋሪም እንዲሁ ነው» አልኳት፣
«ስሙን ሳልጠይቅ ስንቱን አውርጃለሁ።»

ቁልቁለት ለሞተር እረፍት ነው፣ ለጉልበት ዕዳ።
ሁለቴ ጫማ አውልቀን ተሻገርን፤
ውሃው የጦሳን ሌሊት ይዞ የወረደ፣ አጥንት የሚነካ።
ቀና ስል፣ ከላይ፣ ሰማዩ ጥግ ላይ፣
መንገዴ እንደ ክር ተንጠልጥሏል።
አንድ ነጭ ነገር ዞረ፤
የረዳቱ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!»
ድምፁ ሳይደርሰኝ ተሰማኝ።

ከዶሮ መዝለያ በታች፣ ወንዙ ጎኑን ሲቀይር፣
አሸዋው ላይ አንድ በር ተኝቷል።
የመኪና በር። ብቻውን።
ዝገት በልቶት፣ ሰማያዊው ቀለም ከእጀታው ሥር ብቻ ተርፎ፣
መስታወቱ በነበረበት ቀዳዳ
አደይ ተጋፍቶ ገብቶ፣ ትርፍ ጭኖ፣
ቢጫ በቢጫ ላይ።

ረውዳ «እንዴት ያምራል!» ብላ ስልኳን አወጣች።
እኔ ሽቦዋን አየሁ፤
እጀታው ላይ ሦስት ዙር የተጠመጠመችውን።
ያሰርኳት እኔ ነኝ። መናኸሪያ፣ ተራ ስንጠብቅ፣
እጀታው ወልቆበት ሙሄ «ለዛሬ ታድርሰኝ» ሲል።
ያን ቀን ደርሷል።
ያልደረሰው በሐምሌ ነው።

ሙሄ በዚህ ዓለም አንድ ጭቅጭቅ ብቻ ነበረው፦
ሰው ወርዶ በሩን ሲያላትምበት።
«በሩን ቀስ! በር ነው እንጂ ደመኛህ አይደለም!»
ሰው ይስቃል። ደግሞ ያላትመዋል።

ረውዳ፣ ፎቶው እንዲያምርላት፣ ቀና ልታደርገው
ጫፉን ይዛ ሳበችው።
አሸዋው ለቀቀ፣ አደዩ ሁሉ ተንቀጠቀጠ፣ ንቦቹ ተነሡ፤
እኔም ሳላስበው፣ በእሱ ድምፅ፣
«በሩን ቀስ!» አልኩ።

ደንግጣ አየችኝ። ምንም አላስረዳኋት።
እሷ በላይ፣ እኔ በታች ይዘን
እንደነበረው መልሰን አስተኛነው።
ድምፅ አላሰማም።

ኮምቦልቻ ስንገባ ጀንበር ጠልቃለች፤
ሱሪዬ እስከ ጉልበቱ ቢጫ።
ወደ ደሴ የሚመለስ አንድ ሚኒባስ፣ የኋላ ወንበር፣ ተገኘ።
ረዳቱ ልጅ ነው፣ አያውቀኝም፤
እጁን ዘረጋ፣
በዚህ መንገድ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሒሳብ ከፈልኩ።
በሩን በኃይል አላተመው።
ዝም አልኩ።

የመጀመሪያዋ ኩርባ ላይ
ግራ እግሬ፣ ከወንበሩ ሥር፣ በጨለማ፣
ፍሪሲዮን ፈለገ።